ስፖንሰር ዋስ ነው እንጂ ካፒታል አይደለም

ዳንግላ የውጭ አገር ቆንስል የተቀመጠባት ዘመን ነበር። ሻለቃ ሮበርት ቺስማን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ መቀመጫው ዳንግላ ነበረች። ስሙ ዛሬ የሚነሳው በጣና ሐይቅና በዓባይ ላይ ባደረገው ጥናት ነው እንጂ በሰጠው ቪዛ አይደለም። አሁን ዳንግላ ቆንስል የላትም፤ ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ግን አላት። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ «ለእገሌ ወንድሙ ስፖንሰር ላከለት» የሚለው ወሬ በገበያ ቀን ከጤፍና ከከሰል ዋጋ ጋር እኩል ይነገራል።

ወሬው ወሬ ሆኖ ቢቀር ለገበያ ገጽ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን ወሬው ገበያ ውስጥ ይገባል። «ፕሮሰስ ላይ ነው» የተባለ ነጋዴ ዱቤ ይፈቀድለታል፤ እሱ ግን ሱቁን ለማደስ እጁ አይዘረጋም። ወፍጮው ሲሰበር መለዋወጫ ከመግዛት ሸጦ መገላገል ይቀለዋል። ልጁ የጀመረውን ሙያ ትቶ «እዚያ ስደርስ እማራለሁ» ይላል። ደላላውም ሻጩ ችኩል መሆኑን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይሰብርበታል። እንግዲህ አንድ ወረቀት፣ ያውም ባሕር ማዶ ያለ ወረቀት፣ እዚህ ያለውን ንብረት ያረክሰዋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ስፖንሰር የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ብዙው ሰው እንደ ስጦታ ያየዋል። አንዳንዱም እንደ ካፒታል ይቆጥረዋል። ነጋዴ በሚያውቀው ቋንቋ ሲነገር ግን ስፖንሰርነት ዋስትና ነው። ዋስ የሆነ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለነጋዴ ማስረዳት ደግሞ ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል።

የአሜሪካንን ሕግ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ዘመዱን የሚያስመጣ ሰው በፍርድ ቤት ሊያስጠይቅ የሚችል የዋስትና ውል እንዲፈርም አዟል። ፈራሚው ገቢው መንግሥት ካወጣው የድህነት መለኪያ ከመቶ 125 እጅ መድረስ አለበት። የመጣው ዘመድ ለድሆች የሚሰጥ የመንግሥት እርዳታ ቢቀበል እርዳታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ወጪውን ከዋሱ ሊጠይቅ ይችላል። የመጣው ዘመድ ራሱም ቢሆን ዋሱን ሊከስ ሕጉ ይፈቅድለታል። ውሉ የሚያበቃው መጪው ዜግነት ሲያገኝ፣ ወይም 10 ዓመት ገደማ የሚሆን የሥራ ዘመን ሲሞላለት፣ ወይም መኖሪያ ፈቃዱን ትቶ ከአገሪቱ ሲወጣ፣ ወይም ከሁለት አንዳቸው ሲሞቱ ነው። ባልና ሚስት ቢፋቱ እንኳ ዋስትናው አይፈርስም።

ይህ በቁጥር ሲታይ ምን ይመስላል? አንድ የዳንግላ ተወላጅ አሜሪካ ውስጥ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል እንበል። ዳንግላ ወፍጮ ቤት ያለውን ወንድሙን ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ለማስመጣት ቢፈልግ ሕጉ ሁለቱን ቤተሰብ አንድ ላይ ቆጥሮ የ9 ሰው ቤተሰብ ይለዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. መለኪያ ለ9 ሰው የሚጠየቀው የዓመት ገቢ 74,562 ዶላር ያህል ነው። ይህን የማያገኝ ሰው ሌላ ተባባሪ ዋስ መፈለግ አለበት። ማለትም ወንድሙን ለማስመጣት የጓደኛውን ወይም የባልንጀራውን ደጅ ይጠናል። እንጅባራ ላይ «ወንድሜ እኮ አሜሪካ ነው፤ ምን ይቸግረዋል?» የሚል ሰው ይህን ሂሳብ ሠርቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማን ማንን ማስመጣት ይችላል የሚለው ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ሚስቱን ወይም ባሏን፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆችን፣ ራሱ 21 ዓመት ከሞላው ደግሞ እናትና አባቱን ያለ ኮታ ማስመጣት ይችላል። ይህ በአንጻራዊነት አጭሩ መንገድ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ግን ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ እንጂ ለወላጆቹም ሆነ ለወንድም እህቱ ማመልከት አይችልም። ወንድምና እህትን የሚያስመጣ ዜጋ ብቻ ነው። ለዚህም ለዓለም ሕዝብ በሙሉ የተመደበው በዓመት 65,000 ቪዛ ነው፤ የሚመጡት ሚስትና ልጆችም የሚቆጠሩት ከዚሁ ላይ ነው።

65,000 ቪዛ ለዓለም ሲካፈል ሰልፉ ምን ያህል እንደሚረዝም መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ተራ እየደረሳቸው የነበሩት በ2008 መጀመሪያ ገደማ ያመለከቱ ናቸው። ወደ 18 ዓመት ይጠጋል ማለት ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ ሲተክል በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን አጭዶ ለከብት ያውላል፤ 5 ዓመት ገደማ ሲሞላው ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከዚያ መልሶ ይተክላል። ወንድሙ ያስገባለትን ማመልከቻ የሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሳለ ጎረቤቱ ሦስት ጊዜ ዲከረንስ ቆርጦ አራተኛውን አጋምሷል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ገበሬው የሚጠብቀው እየሠራ ነው፤ በየዓመቱም ከመሬቱ አንድ ነገር ያነሳል። ወረቀት የሚጠብቀው ግን ብዙ ጊዜ ሥራውንም አብሮ ያቆማል።

በዚህ ላይ አንዳንዱ ሰው «ዕቁብም እኮ ይጠበቃል» ይል ይሆናል። አዎን፣ ይጠበቃል። ነገር ግን ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ዕጣው የዘገየበት ሰው ዳኛውን ያናግራል። ይህኛው ዕቁብ ግን ዳኛው ባሕር ማዶ ነው፤ ደንቡንም በአንድ ሌሊት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2026 የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት ከወሩ 21 ቀን ማለትም ከጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ መስጠት እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ ገብታ ነበር። የተሰጠው ምክንያት መጪዎቹ በመንግሥት እርዳታ ላይ ሸክም ይሆናሉ የሚል ነው። ይህን መሰል እገዳ ይጣላል፣ ይነሳል፣ መልሶ ይጣላል። ነጋዴ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር ግን አይለወጥም፤ ይኸውም ቀኑን ሌላ አገር የሚወስንለትን ነገር በሂሳብ መዝገቡ ላይ ገቢ ብሎ ሊጽፈው አይገባም። አባቶች ላም አለኝ በሰማይ ያሉት ይህንኑ ነው።

ካናዳም ብትሆን በሯ ሰፊ አይደለም። እዚያ የትዳር ጓደኛውን የሚያስመጣ ሰው የ3 ዓመት ግዴታ ይፈርማል። ወላጁን የሚያስመጣ ግን ከኩቤክ በስተቀር የ20 ዓመት ግዴታ ይገባል። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድምን ወይም እህትን ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ማስመጣት አይቻልም። «አሜሪካ ባይሆን ካናዳ» እያለ የሚያጽናና ደላላ ይህን አይነግርም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ተመን መሠረት የመጀመሪያው ማመልከቻ በወረቀት ሲቀርብ 675 ዶላር ይከፈልበታል። ይህንም የሚከፍለው እዚያው አሜሪካ ያለው አመልካች ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ክፍያዎች፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰው 325 ዶላር የቪዛ፣ ለዋስትናው ምርመራ 120 ዶላር፣ ቪዛው ከተገኘ በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው 235 ዶላር የሚጠየቁት ተራው ሲደርስ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ5 ሰው ቤተሰብ ከሆነ ጠቅላላው 3,595 ዶላር ይመጣል። ዶላር በ150 ብር ቢታሰብ 539,250 ብር ነው። የሕክምና ምርመራና የአውሮፕላን ቲኬት ለየብቻ ናቸው።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲል የሚያስፈልገው ነገር አለ። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ውስጥ ፋይሉ ሲከፈት የሚከፈለው 675 ዶላር ብቻ ነው፤ እሱም እዚህ አይከፈልም። የቀረው የሚከፈለው በወንድምና በእህት ማመልከቻ ከሆነ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲያው እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ «ስፖንሰሩ ስለተከፈተ ግማሽ ሚሊዮን ብር አዘጋጅ» የሚል ሰው የሚሰበስበው ለማን ነው? ለመንግሥት እንዳልሆነ ሂሳቡ ራሱ ይመሰክራል። ሰልፉን ማሳጠር የሚችል ደላላም የለም። ማመልከቻ የገባበት ሰው የመዝገብ ቁጥርና ያመለከተበት ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ አለው። በቁጥሩም ጉዳዩ የደረሰበትን በነፃ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ደረሰኝ ማሳየት የማይችል ሰው የያዘው ፋይል ሳይሆን ወሬ ነው።

ከገንዘቡ የባሰ ኪሣራም አለ። በአዊ ምድር፣ እንደ መላው ኢትዮጵያ ሁሉ፣ የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ የእህት ልጅም ልጅ ነው። በሰባት ቤት አገው ዘር ሲቆጠር ማንም ለማንም ባዳ አይሆንም። የአሜሪካ ሕግ ግን የአጎት ልጅን አያውቅም፤ አክስትንም አያውቅም። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ «ልጄ ነው» ብሎ የወንድሙን ልጅ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 በናይሮቢ የስደተኞች ቤተሰብ ማገናኛ ፕሮግራም ላይ የዲኤንኤ ምርመራ ተጀምሮ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሲሰፋ፣ የተባለው ዝምድና ሁሉ በሙሉ የተረጋገጠው ከመቶ 20 በማይሞሉ ጉዳዮች ላይ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙም ተዘግቶ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ሳይከፈት ቆየ። የተጎዱት ያልተዋሹበት ጭምር ናቸው። እውነተኛ ልጁን የሚጠብቅ አባት በሌላው የሐሰት ልጅ ምክንያት አራት ዓመት ተቀጣ።

የኮንትራት ጋብቻ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ይህን «ዕቃ» የሚያሻሽጡ ደላሎች መኖራቸው የአደባባይ ምሥጢር ነው። በአሜሪካ ሕግ ለወረቀት ሲባል የተደረገ ጋብቻ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። በዚህ የተያዘ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ በእውነት ቢያገባ እንኳ የሚቀርብለት የቤተሰብ ማመልከቻ ተቀባይነት አያገኝም። በአንድ ግዢ የዕድሜ ልክ ገበያን መዝጋት ይሏል ይህ ነው።

የማይታወቅ ሌላም ወጥመድ አለ። አባቱ ግሪን ካርድ ይዞ ያመለከተለት ልጅ ተራው ሳይደርስ፣ አባቱም ዜጋ ሳይሆን ቢያገባ ማመልከቻው ወዲያው ይወድቃል። ልጃቸውን ለመዳር ቀን የቆረጡ ሽማግሌዎች የሚያፈርሱት ፋይል መኖሩን አያውቁም። የልደት ማስረጃም እንዲሁ ራስ ምታት ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ የልደት ቀኑ በክርስትና ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በፓስፖርት ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲጻፍ ደግሞ ሌላ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይጨመርበታል። ስለዚህ ለደላላ ከሚከፈለው ይልቅ የስምንና የልደት ቀንን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ለማድረግ የሚውለው ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል።

በሌላ በኩል የሚቀርበውን ክርክርም መስማት ተገቢ ነው። «እዚህ ተቀምጦ ምን ይደረጋል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የተባባሰው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት አቋርጧል፣ ነጋዴውን ከዕቃው ለይቷል። ልጁን ከዚህ ለማራቅ የሚመኝ ወላጅ የሚወቀስ አይደለም። «የሄደው ሰው ለቤተሰቡ ይልካል፤ ቤትም ይሠራል» የሚለውም ሐሰት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሂሳቡ እስከ መጨረሻው ይሠራ። ወንድሙ እዚያ ሆኖ ለዳንግላው ወፍጮ ሞተር ወይም ለእንጅባራው መጋዘን የሚልከው ዶላር ነበረ። ያ ወንድም ቤተሰቡን ይዞ ሲሄድ ዶላሩ ለአምስት ሰዎች የቤት ኪራይና ቀለብ እዚያው ይቀራል። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያም ሄዷል። ከተማዋ ገንዘቡንም ሰውየውንም በአንድ ጊዜ ታጣለች ማለት ነው። ሚስትና ልጆችን ማገናኘት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቤተሰብ ተለያይቶ መኖሩ በገንዘብ አይተመንም፤ መንገዱም አጭር ነው። ሠርቶ የሚያድር፣ ሱቅና ደንበኛ ያለው ጎልማሳ ወንድም በ18 ዓመት ሰልፍ ላይ ኑሮውን ሲያንጠለጥል ግን ጥቅሙ የማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቸኩሎ መሸጥ ደግሞ በብር ላይ ያለውን አደጋ ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ወፍጮውን ወይም ቤቱን ሸጦ ብሩን በባንክ አስቀምጦ ቪዛ ሲጠብቅ የነበረ ሰው የቲኬቱ ዋጋ በእጥፍ ሲጨምርበት በዓይኑ አየ። ወፍጮው ቢቀመጥለት ኖሮ የማስፈጫው ዋጋም አብሮ በጨመረለት ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል? ማመልከቻ ማስገባት ክፉ አይደለም፤ ይግባ። ሆኖም እንደ ንግድ ውል ተቆጥሮ በቤተሰብ ጉባኤ ይመከርበት። ማን እንደሚፈርም፣ ማን እንደሚከፍል፣ ዋሱ ሥራ ቢያጣ ማን እንደሚተካው አስቀድሞ ይነገር። እዚያ ያለው ሰው ገቢውን አይደብቅ፤ እዚህ ያለውም ያለ መጠን አይጠይቅ። ንብረትን በተመለከተ ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሳይመታ ምንም ነገር ባይሸጥ ይመረጣል። የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወር ስለሚያገለግል ረጋ ብሎ ገዢ ለመፈለግ ጊዜ አለ። ከመሸጥም ይልቅ ለታመነ ዘመድ ውክልና ሰጥቶ፣ ወይም ከሠራተኛው ጋር በሽርክና ተዋውሎ ሥራውን ማስቀጠል ይሻላል። የሄደ ሰው ሊመለስ ይችላል፤ የተሸጠ ወፍጮ ግን በሸጡበት ዋጋ አይመለስም።

ደላሎችም ቢሆኑ ከዚህ የሚማሩት አለ። ችኩል ሻጭ ለአንድ ቀን ኮሚሽን ጥሩ ነው። ከተማው ሁሉ ችኩል ሻጭ ከሆነ ግን ገዢ ይጠፋል። እንጅባራ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገድ የሚያልፍባት፣ በቻግኒ በኩል ወደ መተከልና ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ድንቹ፣ ማሩ፣ ከሰሉና ቀርከሃው በዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው የሚገናኘው። ይህን ቦታ ይዞ የሚቆይ ሰው ሲያገኝ ዋጋው ይወጣል፤ ሁሉም «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ሲል ይወርዳል።

ወረቀቱ ተራውን ይጠብቅ። ወፍጮው ግን ዛሬ ይፍጭ፤ ዲከረንሱም በዚህ ክረምት ይተከል። ቪዛው ከመጣ መልካም፣ ባይመጣም ሥራ ያልፈታ ቤት አይጎዳም።